ግልባጩ ለሐጂ አብዱልሃሚድ

ጸሐይወርቅ ያላጠፋችውን ጥፋት «አጥፍቻለሁ» ብላ የፈረመችው በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ፈርሚ ሲሏት ግን ነገሩ ሌላ ሆነ።

ሥራ የጀመረችው በ1985 ዓ.ም. ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ነበር። የጽሕፈት ክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ አበበች ይባሉ ነበር፤ መነጽራቸውን በክር አንጠልጥለው፣ ቀለም የነካ ጣታቸውን በፎጣ እየጠረጉ ሥራ አስኪያጁን ጭምር የሚያስደነግጡ ሴትዮ። እሳቸው ያወጡት አንድ ደንብ ነበር። ጠዋት ማንም ታይፒስት ደብዳቤ ከመንካቱ በፊት ቁራጭ ወረቀት ማሽኑ ላይ ያስገባና ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በአንድ መስመር ይመታል። ቀኑን ይጽፋል፣ ይፈርማል፣ ወረቀቱን ክላሰር ውስጥ ያስቀምጣል።

«ማሽኑን ማታ ማን እንደነካው አታውቂም» ይሏት ነበር። «ጽዳቷ ስትወለውል ታንቀሳቅሰዋለች። ዘበኛው ስሙን ሊመታበት ይሞክራል። ጠዋት ብትጠይቂ ሁሉም አልነካሁም ነው። ደብዳቤው ሲበላሽ ግን የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ትናንት ደህና እንደነበረ፣ ዛሬ እንደተበላሸ በወረቀት ያዢ። ግልባጩን ደግሞ ለሌላ ክፍል ስጪና ገቢ አስደርጊ፤ አንቺ ጋ ብቻ የተቀመጠ ወረቀት ማን ይቀበልሻል?»

ጸሐይወርቅ ያኔ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር፣ ነገሩም የአሮጊት ክፋት ነበር የመሰላት። ግን ታዛዥ ነበረችና ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል በየጠዋቱ ያቺን መስመር መታች። በመሀል ወይዘሮ አበበች ጡረታ ወጡ፣ ማሽኖቹ ወደ መጋዘን ገቡ፣ ኮምፒውተር መጣ። ከዚያ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ የሚባለው ስብሰባ በስብሰባ ላይ ሲደራረብ ከረመና አንድ ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የወጣው ዝርዝር የጽሕፈት ክፍሉ መደቦች መታጠፋቸውን ነገራት። አንዳንዶቹ ጓደኞቿ አለቀሱ። እሷም አልቅሳለች፤ ግን ካለቀሰች በኋላ በማታው ክፍለ ጊዜ ዌብሳይት መሥራት ለመማር ተመዘገበች። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ልጆቿ የሚሆኑ ነበሩና «እማማ» እያሉ ያሾፉባት ነበር። ፈተናው ላይ አንደኛ ስትወጣ ሹፈቱን ተዉት።

ከዚያ እዚያው ሐዋሳ ፒያሳ፣ ከአንድ የፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ቢሮዋን ከፈተች። የሐዋሳ ሰው ዌብሳይት ምን እንደሚያደርግለት ገና በቅጡ ያልገባው ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ደንበኛዋ ሐይቅ ዳር ሆቴል ያላቸው ሐጂ አብዱልሃሚድ ነበሩ። ሐጂ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ያደጉ፣ የሚታይና የሚዳሰስ ነገር የሚወዱ ሰው ናቸው። ዌብሳይታቸው የት እንደሚቀመጥ ሳያውቁ አንዲት እርምጃ ወደፊት አልሄድም አሉ።

«ሐጂ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለውን የኪራይ ግቢዎን ያስቡት» አለቻቸው። «አሥራ ሁለት ክፍል፣ አሥራ ሁለት ተከራይ፣ ቧንቧው አንድ። የእርስዎም ዌብሳይት እንደዚያ ነው የሚቀመጠው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ሰርቨር የሚባል ትልቅ ኮምፒውተር አለው። እኛ አንዷን ክፍል እንከራያለን፣ ሌሎችም ከጎናችን ይከራያሉ። ቧንቧው የሁላችንም ነው።»

«ቧንቧው ሲበላሽስ?»

«ባለቤቱ ያድሳል።»

«ሳይነግረን ቢነቅለውስ?»

ጸሐይወርቅ ሳቀች። በኋላ ግን ያን ጥያቄ እያስታወሰች ብዙ ጊዜ ተናድዳለች።

ምክንያቱም በኅዳር 2003 የሆነው በትክክል እሱ ነው። ለአንድ አስጎብኚ ድርጅት የሠራችው ገጽ ከአንድ ቀን ወደ ሌላው ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ ሥዕሎቹ ጠፉ፣ ቅጾቹ አልላክ አሉ። አከራዩ ድርጅት ዘንድ ብትደውል «እኛ ምንም አልነካንም፣ ሥራዎን ይፈትሹ» አሏት። ሦስት ቀን ሙሉ የራሷን ሥራ መስመር በመስመር ስታገላብጥ ከረመች፤ ምንም አላገኘችም። አስጎብኚው ለአለቆቹ የሚያሳየው ደብዳቤ ስለፈለገ በመጨረሻ «ችግሩ የተፈጠረው በእኔ ስህተት ነው» ብላ ፈረመች። ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ እዚያው ሰርቨር ላይ የተከራየ አንድ የዲላ ሰው፣ ድርጅቱ በዚያች ሌሊት የሰርቨሩን ዋና ፕሮግራም በአዲስ ቀይሮት እንደነበር በጨዋታ መሀል ነገራት። አሮጌውን የለመደው ሥራዋ አዲሱን አላወቀውም፤ ያ ነው ነገሩ ሁሉ። ደንበኛው ሄዷል፣ ፊርማዋ ግን ፋይሉ ውስጥ ቀርቷል። ያን ቀን ወደ ቤቷ በእግሯ ስትሄድ ከንዴቷ የተነሳ ሰፈሯን አልፋ ሄደች።

ወይዘሮ አበበች ትዝ ያሏት ያኔ ነው።

በማግስቱ አንዲት ትንሽ ገጽ ሠራችና ሰርቨሩ ላይ አስቀመጠች። ገጿ ጌጥ የላትም። ስትከፈት ሰርቨሩ ላይ ምን ምን ፕሮግራም እንዳለ፣ የእያንዳንዱ የስሪት ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ ቅንብሩም እንዴት እንደሆነ ትዘረዝራለች። ከታች ደግሞ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ መረጃው ወደሚከማችበት ዳታቤዝ ትልክና መልሳ ታመጣዋለች፤ እንደሄደ ከተመለሰ ደህና ነው። ጸሐይወርቅ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ያቺን ገጽ ትከፍታለች፣ በሁለት ቅጂ ታትማለች፣ ቀንና ቁጥር ሰጥታ ትፈርማለች። አንዱ ክላሰሯ ውስጥ ይገባል። ሌላው ግርጌው ላይ «ግልባጭ፡- ለሐጂ አብዱልሃሚድ ሆቴል» ተብሎበት በእጇ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። መብራት የጠፋ ቀን እንኳ ጄኔሬተር ያለው ኢንተርኔት ቤት ፈልጋ ታትማለች።

የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ሙንተሃ፣ የሐጂ የእህት ልጅ ናት። በመጀመሪያው ቀን ወረቀቱን ስትቀበል ግራ ገባት።

«እትዬ ጸሐይ፣ ይኼን ምን ላድርገው?»

«ገቢ በይና ማህተም ምቺበት። ቀኑን ጽፈሽ ፈርሚበት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አስቀምጪው።»

ሐጂን ግን አልጣማቸውም። ወረቀቱ በየቀኑ አንድ ዓይነት ነው፤ ቁጥር፣ ቁጥር፣ ከዚያ ሀ ለ ሐ መ። «ጸሐይ፣ ፊደል ልታስቆጥሪኝ ነው እንዴ በዚህ ዕድሜዬ?» እያሉ በሰው ፊት ያሾፉባታል። የሌሎቹ ሆቴሎች ባለቤቶችም ወሬውን ተቀባበሉት፤ ኢንተርኔትን ጠዋት ጠዋት የምታስፈርም ሴት እየተባለ ፒያሳ ድረስ ተሳቀባት። ሥራዋን ግን ወደዱላትና በሁለት ዓመት ውስጥ ስድስት የሐይቅ ዳር ሆቴሎች ዌብሳይታቸውን ለእሷ ሰጡ። እንጀራዋም ስሟም እነሱ ሆኑ።

ታኅሣሥ 2005 ደረሰ። ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል ሲነግሥ ሐዋሳ ከአራቱም ማዕዘን በሚመጣ ሰው ትጥለቀለቃለች፤ የሐጂ ሆቴል ደግሞ በዚያ ሳምንት አንድ አልጋ አይተርፈውም። የስለት ሰው ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም በዌብሳይቱ ክፍል ይይዛል።

ረቡዕ ታኅሣሥ አሥር፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ጸሐይወርቅ ገጿን ከፈተች። ከሀ እስከ ፐ መምጣት የነበረበት መስመር የጥያቄ ምልክት ብቻ ይዞ መጣ። ከላይ የዳታቤዙ ፕሮግራም ቁጥር ትናንት ከነበረው ተለውጧል። እንደ ልማዷ አተመች፣ ቀን ጻፈች፣ ፈረመች። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ደወለች።

«እኛ ምንም አልነካንም» አሏት።

ዓይናቸውን በጨው ያጠቡ! ስልኩን ዘግታ ቀጥታ ወደ ሥራ ገባች። አዲሱ ፕሮግራም በግልጽ ካልተነገረው የአማርኛን ፊደል አያውቅም ነበር። በስድስቱ ሆቴሎች ገጾች ላይ ያንን የሚነግረውን ትእዛዝ ጨመረች፣ አምስት ሰዓት ሳይሆንም ቅጾቹ አማርኛ መቀበል ጀመሩ። የጠዋት መፈተኛ ገጿን ግን ማስረጃ ትሁነኝ ብላ እንዳለች ተወቻት።

ሆቴሉ ስትደርስ ሙንተሃ ፊቷ አመድ መስሏል። ሌሊቱን አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ክፍል ይዘዋል፤ የአንዳቸውም ስም አይነበብም። ሐጂ ዝርዝሩን ይዘው ቆመዋል።

«ጸሐይ፣ ይኼ ምንድን ነው? ‹አቶ ጥያቄ ምልክት› መጥቶ ክፍሌን ቢለኝ ለየትኛው ልስጠው?»

«ድርጅቱ ሰርቨሩ ላይ ለውጥ አድርጓል፣ ሐጂ። ሳይነግረን።»

«እነሱ ጋ ደውዬ ነበር። ምንም አልነካንም፣ የሠራችው ሴትዮ ናት ያበላሸችው አሉኝ።» ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ነገ የሆቴል ባለቤቶቹ ይሰበሰባሉ። ከድርጅቱም ሰው ይመጣል፤ ስድስቱንም ዌብሳይት እኛ እንያዝ እያሉ ነው። አንዳችሁ ጥፋቱን በፊርማ ትወስዳላችሁ። ካንቺ ከሆነ እኔም ልይዝሽ አልችልም፣ እውነቴን ነው።»

ሐጂ ሄዱ። ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም፤ ስሞቹ ቢጠፉም የስልክ ቁጥሮቹ ደህና ነበሩ። ከሙንተሃ ጋር ተቀምጠው ለአሥራ ዘጠኙም ደወሉ። እናታቸውን ለስለት ሊያመጡ ያሰቡ ሴትዮ ስማቸውን ሲጠየቁ «ደግሞ አልጋው የለም ልትሉኝ ነው?» ብለው ተቆጡ። «አለ እንጂ እማዬ፣ የደወልነው ለዚሁ ነው» አለቻቸው ጸሐይወርቅ። አሥራ ስምንት ስም ሲመሽ ተጽፎ አለቀ፤ አሥራ ዘጠነኛው ሰው ስልኩን ያነሳው በማግስቱ ጠዋት ነው።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ በሐጂ ሆቴል፣ ሐይቁን በሚያይ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ውጭ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ እጃቸውን ወደኋላ ያጣመሩ መስለው ይንጎራደዳሉ። ከድርጅቱ የመጣው ኃይለሚካኤል የሚባል ዘናጭ ሰው ነው፤ ላፕቶፑንና አንድ የታተመ ደብዳቤ ይዟል። ደብዳቤው በአጭሩ ችግሩ የተፈጠረው በገጾቹ ሠሪ ጥፋት መሆኑን ይገልጻል፤ ከታች ለጸሐይወርቅ ፊርማ ቦታ ተትቶለታል።

«ነገሩን ባናካርረው ይሻላል» አለ በትሕትና። «ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ትናንትና ራሳቸው አስተካክለውታል። ማስተካከል ከቻሉ ስህተቱ የእሳቸው ነበር ማለት ነው። የጽሕፈት ሙያና ይህ ሙያ ለየቅል ናቸው፤ ማንም ይሳሳታል።»

ከስድስቱ ባለቤቶች በዕድሜ ትንሹ ደረሰ የሚባለው ወጣት ነው። ድርጅቱ እንዲይዝላቸው ከሁሉም በላይ የሚወተውተውም እሱ ነበር፤ አሁንም ራሱን በመስማማት ነቀነቀ።

ጸሐይወርቅ የማክሰኞንና የረቡዕን ወረቀት ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ማክሰኞ ጠዋት ቁጥሩ ይኼ ነው፣ ፊደሉም ሙሉ ነው። ረቡዕ ጠዋት ቁጥሩ ሌላ ነው፣ ፊደሉም የለም። ይኼን ፕሮግራም ከእናንተ በቀር ማንም ሊቀይረው አይችልም። ቁልፉ የእኔ እጅ ላይ የለም።»

ኃይለሚካኤል ወረቀቶቹን አየት አድርጎ ፈገግ አለ። «እርስዎ ታይፒስት ነዎት። የፈለጉትን ቁጥር የፈለጉት ቀን ላይ መምታት ይችላሉ። ለመሆኑ ትናንት ማታ እንዳልተመታ ማን ያውቃል?»

 ጸሐይወርቅ በሩ አጠገብ ወደቆመችው ሙንተሃ ዞረች።

«ሙንተሃ፣ የሆቴሉን ግልባጭ አምጪልኝ።»

ሐጂ ደነገጡ። «የትኛውን? ያን የፊደል ወረቀት? እኔ እኮ ጣዪው ብያት ነበር!»

ሙንተሃ አልጣለችውም። ከእንግዳ መቀበያው ሥር ሦስት ያበጡ ክላሰሮች አቅፋ መጣች። «ጋሼ፣ ማህተም ያረፈበት ወረቀት እንዴት ይጣላል ብዬ ነው» አለች አንገቷን ደፍታ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በዚህ ላይ ሊከራከራት አልቻለም፤ ሁሉም ቤታቸው የዛሬ ሃያ ዓመት ማህተም ያለበት ደረሰኝ ያስቀመጡ ናቸው። የሁለት ዓመት ጠዋት በተራ ተቀምጧል። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ገለጡና የማክሰኞውን አወጡ። ገቢ ይላል፤ ታኅሣሥ 9 ቀን 2005፤ የሆቴላቸው ክብ ማህተም፤ የእህታቸው ልጅ ፊርማ። ቁጥሩ ጸሐይወርቅ ጠረጴዛ ላይ ከዘረጋችው ጋር አንድ ነው።

«ይኼ የኔ ማህተም ነው» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው፤ ከዚያም ወደ ኃይለሚካኤል ዞሩ። «እኔም ታይፒስት ነኝ?»

ደረሰ ብድግ ብሎ ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበ። ወረቀቱ ላይ ባለው አድራሻ መፈተኛዋን ገጽ ከፈተና ያለውን ቁጥር ጮክ ብሎ አነበበው፤ የረቡዕ ወረቀት ላይ ያለው ነው። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው የድርጅቱን የራሱን ዌብሳይት ከፈተ፤ እሱም እዚያው ሰርቨር ላይ ነበርና። «እንኳን ደህና መጡ» የሚለው ቦታ ላይ ከዳር እስከ ዳር የጥያቄ ምልክት ተደርድሯል። ስድስቱም ባለቤቶች በአንድ ጊዜ ሳቁ። ሐጂ ከሳቃቸው ብዛት ዓይናቸውን ጠረጉ።

ኃይለሚካኤል አልሳቀም። ወጥቶ ስልክ ደወለ፤ በመስኮቱ በኩል እጁን እያወናጨፈ ሲጮህ ይታያል። ሲመለስ ያ ዘናጭነቱ ቀዝቅዟል።

«ማክሰኞ ሌሊት ቀይረውታል» አለ። «ለእኔም አልነገሩኝም። ለደንበኛ ማሳወቅ ያስፈልጋል ብለው አላሰቡም። ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ሰውየው ይህን ያለው ዓይኗን እያየ ነው፤ ለዚህ አከበረችው።

«ደብዳቤውስ?» አሉ ሐጂ።

ኃይለሚካኤል ያመጣውን ደብዳቤ ገልብጦ ጀርባው ላይ በእጁ መጻፍ ጀመረ። ጸሐይወርቅ ትንሽ አየችው።

«ይስጡኝ» አለችው። «እኔ ልምታልዎት።»

እንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ መታችው። ድርጅቱ ለውጡን ሳያሳውቅ ማድረጉን፣ ጥፋቱ የገጾቹ ሠሪ አለመሆኑን፣ ከእንግዲህ ማንኛውንም ለውጥ ቀድሞ በጽሑፍ እንደሚያሳውቅ። አንድም ፊደል አልሳተችም። ግርጌው ላይ የስድስቱን ሆቴሎች ስም በግልባጭ ደረደረች። ኃይለሚካኤል ሲፈርም አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፤ ይህን አልደበቀችም፣ ለምንስ ትደብቃለች?

ገብርኤል ሲነግሥ በሐጂ ሆቴል አሥራ ዘጠኙም እንግዶች በየስማቸው ቁልፋቸውን ወሰዱ። ስድስቱም ሆቴሎች ከጸሐይወርቅ ጋር ቀጠሉ፤ ደረሰ ደግሞ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግልባጩ ለእሱም እንዲደርሰው ጠየቀ። አንድ ጠዋት በዝናብ ምክንያት ግማሽ ሰዓት ብትዘገይ ሐጂ ራሳቸው ደወሉ፤ «ጸሐይ፣ የዛሬው ፊደል የት ቀረ?» አሏት፣ በቁጣ።

ጥር መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ አንድ ፖስታ መጣላት። «ለወይዘሮ ጸሐይወርቅ፣ የዌብሳይት ባለሙያ» ይላል። ድርጅቱ በየካቲት ሰባት ሌሊት ሰርቨሩ ላይ የሚያደርገውን ለውጥ ከሁለት ሳምንት በፊት እያሳወቀ ነው። ደብዳቤውን ይዛ ከሥራ በኋላ ምሥራቅ ወደሚኖሩት ወይዘሮ አበበች ቤት ሄደች። እሳቸው አርጅተዋል፤ መነጽሩ ግን ያው በክር እንደተንጠለጠለ ነው። ደብዳቤውን ከመስኮቱ አጠገብ ወስደው እንደ ድሮው ከግርጌው ጀምረው ወደ ላይ አነበቡት።

«ገቢ አድርገሽዋል?»

«አድርጌዋለሁ።»

«ግልባጩስ?»

«ሐጂ ጋ ነው።»

ወይዘሮ አበበች ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው መለሱላት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«እኔ ደግሞ የጽሕፈት ክፍሉን ዘጉት ሲሉኝ አምኜ ነበር» አሉ።